«4.6 ጊጋኸርዝ» የተባለ ኮምፒውተር አጥፍታችሁ ሳታበሩት እንዳትገዙ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በተለይ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ወይም ለጌም ዴስክቶፕ የምትፈልጉ፣ ይቺን አንብቡና ለጓደኞቻችሁም አስተላልፉ። ሰሞኑን «ኦቨርክሎክ የተደረገ፣ 4.6 ጊጋኸርዝ፣ ጌሚንግ» እየተባሉ በቴሌግራም የሚለጠፉ፣ ሰው ቤቱ የገጣጠማቸው ኮምፒውተሮች አሉ። ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰሩን (የኮምፒውተሩን አእምሮ) ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ነው፣ ጊጋኸርዝ የዚያ ፍጥነት መለኪያ ነው። ፋናቸው በየቀለሙ ያበራል፣ ጎናቸው መስታወት ነው፣ ዋጋቸውም ከተራው ዴስክቶፕ ጨመር ይላል። አትቸኩሉ።

የአክስቴ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ይሠራል፣ አንዱን ገዛ። ሱቁ ውስጥ እንደ ጉድ ይሮጥ ነበር። ማታ ቤት ወስዶ ሠራበት፣ ምንም አላለውም። ጠዋት ሲያበራው ግን ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ከዚያ ራሱ ይጠፋል፣ ራሱ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ከብዙ ትግል በኋላ ሲነሳም «ኦቨርክሎኪንግ ፌይልድ» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ሴቲንግ) ግቡ ይላል። የደብረ ብርሃንን ጠዋት ታውቁታላችሁ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠን በኅዳር ውርጭ ውኃ ያጋግርብናል። ሻጩ ጋ ሲደወል የተሰጠው መልስ ምን መሰላችሁ? «ችግሩ ሲጠፋ ነው፣ አታጥፉት።» እስቲ በሞቴ! መብራት እንዳሻው በሚመጣና በሚሄድበት ከተማ አታጥፉት ይባላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ኮር አይ7-2600ኬ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ። ኢንቴል የሸጠው በ3.4 ጊጋኸርዝ ነው፣ ሥራ ሲበዛበት በራሱ እስከ 3.8 ይደርሳል። 4.6 የሚባለው ባዮስ ገብቶ ቁጥር በመቀየርና ቮልት በመጨመር የሚመጣ ነው። ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ በነጻ ያደርገዋል። ደግሞ ሁሉም ፕሮሰሰር እኩል አይችልም። አንዱ 4.6 ላይ ዓመት ይሠራል፣ መንትያው 4.3 ላይ ይንገዳገዳል። እሱን እንደ ተጨማሪ ዕቃ ዋጋ ቆርጦ መሸጥ፣ በገበያ ቀን ጨው አልሶ ውኃ ያጠጡትን በሬ እንደ ሰባ በሬ መሸጥ ነው።

እኛ ምን አደረግን? ሶኬቱን ነቀልን። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታክል ባትሪ (ሲአር2032 የሚል ተጽፎባታል) አውጥተን ትንሽ ቆይተን መለስናት። ይሄ ባዮሱን ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ይመልሰዋል። ከሁለቱ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) አንዱን ብቻ ሰክተን አበራነው፣ ያለምንም ጣጣ ተነሳ። ሁለተኛውን ጨመርን፣ ተነሳ። በማግስቱ በዚያ ብርድም ተነሳ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ደኅና ነው፣ ግን የ3.4 ኮምፒውተር ነው፣ ልጁ የከፈለው ደግሞ የ4.6 ዋጋ ነው።

ራሞቹን ስናያቸው አምራቻቸውም የተለያየ ነው። ኢንቴል ለዚህ ፕሮሰሰር እስከ 1333 ብሎ ያስቀመጠውን የራም ፍጥነት ሻጮቹ 1866 ላይ አስገድደውታል። ልክ ጠርዝ ላይ የቆመ ራም ብዙ ጊዜ ሲሞቅ ያልፋል፣ ቀዝቅዞ ሲነሳ ይወድቃል። ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተሩ ሁሌ በርቶ የሚጠብቃችሁም ለዚህ ይመስለኛል። «እዩት» ብለው ሪስታርት ያደርጉላችኋል፣ የሞቀ ኮምፒውተር ደግሞ ይነሳል።

ከሁሉም ያናደደኝ ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ ከሶኬቱ መብራት ተቀብሎ ለውስጥ ዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን። በትልቁ 600 ዋት ይላል። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ሠንጠረዥ ስታነቡ ግን 12 ቮልት፣ 18 አምፔር። 12ን በ18 አባዙት፣ 216 ዋት። ፕሮሰሰሩም ቪዲዮ ካርዱም በዋናነት የሚበሉት ከዚያው ከ12 ቮልቱ ነው። እውነተኛ 600 ዋት ቢሆን እዚያ መስመር ላይ ወደ 50 አምፔር መጠጋት ነበረበት። ይሄ ፕሮሰሰር በፋብሪካ ፍጥነቱ 95 ዋት የተባለ ነው፣ ቮልት ሲጨመርበት ከዚያ በጣም ያልፋል፣ ቪዲዮ ካርዱ ገና አልተቆጠረም።

ይሄን ሁሉ ይዘን ሻጩ ጋ ስንሄድ «ባዮስ ነክታችኋል፣ ዋስትናው አብቅቷል» አለን። ስክሪኑ ራሱ ባዮስ ግቡ እያለ! ደረሰኝ ስንጠይቅ ዋጋው ያለ ደረሰኝ ነው ተባልን። በነገራችን ላይ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ስለምትገዙት ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፣ ነጋዴውንም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ሻጩን ለመክሰስ ንግድ ጽሕፈት ቤት ያለ ደረሰኝ መሄድ ግን ባዶ እጅ መሄድ ነው።

የግድ ከዚህ ዓይነት ሻጭ የምትገዙ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ከመምጣታችሁ በፊት እንዳያበሩትም በስልክ ንገሯቸው። እናንተው አብሩት። ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ የፕሮሰሰሩን ስም እዩ፣ መጨረሻው ላይ ኬ (K) የሚለው ፊደል ከሌለ የ4.6 ወሬ እዚያው ያበቃል። የማዘርቦርዱን ቺፕሴትም (ማዘርቦርዱ ምን እንደሚችል የሚወስነውን ዋና ቺፕ) እዩ፣ ኤች61 ከሆነ ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለም፣ ፒ67 ወይም ዜድ68 ወይም ዜድ77 መሆን አለበት። ከዚያ ፕራይም95ን (ፕሮሰሰሩን በሙሉ አቅሙ የሚያስጨንቅ የመፈተኛ ፕሮግራም) ከፍታችሁ ቡናችሁን እስክትጠጡ ይሥራ። ሙቀቱን እያያችሁ። የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ ልጆች ይቺን ሙቀት ከኛ በላይ ተጠንቀቋት፣ እዚህ በብርድ የሚያልፍ ኮምፒውተር እናንተ ጋ ቆላ ሲወርድ ሊጋገር ይችላል።

ዋጋ ስትከራከሩ ደግሞ በፋብሪካው ፍጥነት ተከራከሩ፣ 4.6 የሚለውን ከነጭራሹ አትስሙ። ደረሰኙ ላይ የፕሮሰሰሩ፣ የራሙና የፓወር ሰፕላዩ ሙሉ ስም ይጻፍ፣ ባዮስን ወደ ፋብሪካው መመለስ ዋስትና እንደማይሰርዝም ጭምር። ይሄን አልጽፍም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ሻጩ አሁንም እየለጠፈ ነው፣ ዛሬ ጠዋትም ያንኑ ፎቶ አየሁት፣ «ለመሐል ሜዳና ለደብረ ሲና እንልካለን» የሚል ጨምሮበታል።