ቦክሰር 150ን በሆንዳ ሲአርኤፍ 250ኤል መተካት፦ በጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ሲመዘን

በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለሥራ የሚመላለስ ሰው ትልቅ ሞተር ብስክሌት የሚያስፈልገው ለፍጥነት ሳይሆን ለዳገት፣ ለቁልቁለትና ለጭቃ ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ከትንሽ ሞተር ወደ ትልቅ ለማለፍ የሚያስቡ ብዙ ሰዎች በመጀመሪያ የሚጠይቁት «በሰዓት ስንት ይሄዳል?» ብለው ስለሆነና ጥያቄው የማይሆን ግዢ ውስጥ ስለሚከታቸው ነው። እኔ በእንስሳት ሕክምና ሥራ ምክንያት አንዴ ወደ ደምቢያ ሜዳ፣ አንዴ ወደ ዳባትና ደባርቅ ደጋ የምጓዝ ስሆን፣ ለዓመታት ያገለገለኝን ቦክሰር 150 ሸጬ ያገለገለ ሆንዳ ሲአርኤፍ 250ኤል ገዝቻለሁ። በመግዛቴ ደስተኛ ነኝ፤ ሆኖም ሞተሩ ለሁሉም ሰው የሚሆን አይደለም።

ከኃይሉ ልጀምር። የቦክሰር 150 ሞተር 144.8 ሲሲ ሲሆን ጉልበቱ 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ ሲአርኤፍ 250ኤል ደግሞ በ249 ሲሲ ሞተሩ 23 ገደማ ያወጣል። እነዚህ ቁጥሮች ግን ጎንደር ላይ እንዳሉ አይገኙም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር የሚስበው አየር ሲሳሳ ጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ከፍታው 2,800 ሜትር አካባቢ ወደሚደርስበት ወደ ደባርቅ ሲወጣ ደግሞ የሚጎድለው ከሩብ ያልፋል። ስለዚህ የቦክሰሩ 12 ፈረስ ደጋው ላይ ከ9 በታች ሲወርድ፣ የሲአርኤፉ 23 ወደ 16 ወይም 17 ዝቅ ይላል። ትልቁ ሞተር ደባርቅ ላይ የሚተርፈው ጉልበት ትንሹ በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ጉልበት ይበልጣል ማለት ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ከወለቃ አልፎ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። በቦክሰሩ፣ ከኋላዬ አንድ ባልደረባ ተቀምጦና የክትባት ሳጥን ታስሮ ዳገቱን ስጀምር፣ ሦስተኛ ማርሽ ይከብደውና ወደ ሁለተኛ እመልሰው ነበር፤ ከፊቴ የተጫነ አይሱዙ ካለ ደግሞ ጭሱን እየጠጣሁ እስከ ዳገቱ ራስ ድረስ እከተለው ነበር፤ ለመቅደም የሚሆን ትርፍ ጉልበት አልነበረምና። መንገዱ ወደፊት በግልጽ በሚታይበት ቦታ ላይ በአጭር ርቀት ቀድሞ ወደ ቀኝ መመለስ መቻል ትልቁን ሞተር ከምወድባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ነው፤ በተቃራኒው መስመር ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ባጠረ ቁጥር አደጋው ይቀንሳል።

በዚህ ላይ የነዳጅ አሰጣጡ ጉዳይ አለ። ቦክሰሩ በካርቡራተር ስለሚሠራ፣ የቤንዚኑ መጠን በጂግለሩ፣ ማለትም ቤንዚን በሚያሳልፈው ትንሽ ክፍል፣ ቀዳዳ ተወስኖ ሳለ አየሩ ብቻ እየሳሳ ይሄዳል፤ ውጤቱም ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ፣ በጥላሸት የጠቆረ ካንዴላና በጠዋት ብርድ አልነሣም የሚል ሞተር ነው። ሲአርኤፉ ግን በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ የነዳጅ መርጫ ስላለው የአየሩን መሳሳት ለክቶ ቤንዚኑን በልኩ ይሰጣል። የጠፋውን አየር አይመልስም፤ ያለውን ግን አያባክንም። ዳባት ላይ ውርጭ ባደረበት ጠዋት አንድ ጊዜ ቁልፉን ተጭኜ ሲነሣልኝ፣ ለዚህ ብቻ እንኳ የከፈልኩት ገንዘብ አይቆጨኝም።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ዋናው ነገር ፍሬን ነው። የእኔ ቦክሰር ከፊትም ከኋላም ታምቡር ፍሬን የነበረው ሲሆን፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ደጋግሞ ሲያዝ ይሞቅና መያዙ ይላላል፤ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ መያዝ ይረዳል እንጂ ጭነት ሲኖር ብቻውን አይበቃም። ሲአርኤፉ በሁለቱም ጎማዎች ዲስክ ፍሬን አለው፤ የፊቱን በሁለት ጣት ሳብ በማድረግ ብቻ ሳይደናገጡ መቀነስ ይቻላል። ከደባርቅ አልፎ በጣልያን ዘመን በተሠራው በሊማሊሞ መንገድ ለሚወርድ ሰው ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት የላቸውም፤ ስለዚህ ጠጠር ላይ የፊቱን ፍሬን በኃይል መያዝ ወዲያው ይጥላል።

የደምቢያ ጥቁር አፈር በክረምት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ስለ ፓራፋንጎ (የጎማ ጭቃ መከላከያ) ብጽፍ አይገረምም። የቦክሰሩ የፊት ፓራፋንጎ ከጎማው ጋር የተቀራረበ ስለሆነ፣ ከቆላድባ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲገባ መረሬው በመካከላቸው እየተጠቀጠቀ ጎማው መዞር እስኪያቅተው ድረስ ይሞላል፤ ከዚያ ወርዶ በእንጨት እየፋቁ ማውጣት ነው። የሲአርኤፉ የፊት ፓራፋንጎ ከጎማው ርቆ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ነው፤ የፊት ጎማው 21 ኢንች፣ የኋላው 18 ኢንች በመሆኑም ጉድጓድና ድንጋይ ላይ ይረማመዳል እንጂ አይሰካም። አሞርዛተሮቹም ረጅም ስለሆኑ ወገብ አይመቱም። በጭቃ ወቅት መርሳት የሌለበት ነገር ሞተሩ በውኃ የሚቀዘቅዝ መሆኑ ነው፤ ራዲያተሩ ላይ የደረቀ ጭቃ ካልታጠበ ሞተሩ ይግላል፣ ድንጋይ ላይ ሲወድቅም ራዲያተሩ ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። የመቀመጫው ከፍታ 875 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ መካከለኛ ቁመት ላለው ሰው ሁለቱም እግሮች ተረከዛቸው ድረስ መሬት አይነኩም። ሜዳ ላይ ይህ ይለመዳል፤ በፒያሳ አካባቢ ግን፣ ባጃጆች ከግራም ከቀኝም በሚገቡበት ተዳፋት ላይ ድንገት መቆም ሲያስፈልግ፣ በጣት ጫፍ የቆመ ሰው 144 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሞተር ወደ ታችኛው በኩል ካዘነበለበት መመለስ አይችልም። መቀመጫው ጠባብና ደረቅ ነው፤ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው በቦክሰሩ ረጅም መቀመጫ ላይ የነበረውን ምቾት አያገኝም፤ የዕቃ መጫኛም አብሮት አይመጣም። እኔ በብየዳ ቤት ያሠራሁት መጫኛ የክትባት ሳጥኑን በደንብ ይይዛል፤ ሲሠራ ግን ጭነቱ ከሚግለው የጭስ ማውጫ (ማርሚታ) እንዲርቅ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉም የከፋው የነዳጅ ታንኩ ትንሽነት ነው። የሚይዘው 7.7 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ በእኔ አነዳድ በአንድ ሊትር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ፣ ከጎንደር ባሕር ዳር ያለውን 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ጨርሶ ብዙም አይተርፈውም። ቦክሰሩ 11 ሊትር ይይዛል፣ የሚጠጣውም ያነሰ ነው። ማደያ ላይ ቤንዚን በሚጠፋበት ወይም ሰልፉ በሚረዝምበት ሰሞን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን ለመጠቀም የተገደደ ሰው ደግሞ ሳያጣራ መጨመር የለበትም፤ ካርቡራተር የሚታገሠውን ቆሻሻ የነዳጅ መርጫው አይታገሥምና። ባትሪው ከሞተም በእግር ረግጦ ማስነሣት አይቻልም፤ መርገጫ የለውም።

ጥገናን በተመለከተ፣ የቦክሰር መለዋወጫ በየሱቁ ሲገኝ የሲአርኤፍ ግን ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል፤ ስለዚህ የፍሬን ሸራ፣ የአየር ማጣሪያና ካንዴላ ቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ ይበጃል። የመካኒክ ልምድም ወሳኝ ነው። አንድ ጋራዥ ሞተሩ በመቆሚያው እንደቆመ ካቴናውን እንደ ቦክሰር ካቴና ወጥሮ መለሰልኝ፤ አሞርዛተሩ ረጅም ስለሆነ ሰው ሲቀመጥበትና ጉድጓድ ሲገባ ካቴናው እንደ ክራር አውታር ይወጠራል፣ ኩሽኔታውንም ይበላል። ወደ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ልልነት መተው አለበት፤ ይህን ለመካኒኩ በአክብሮት ግን በግልጽ መንገርና ሲያጠብቅ አጠገቡ መቆም ተገቢ ነው።

ሥራው ከአዘዞ እስከ ማራኪ ባለው የከተማ ክልል ብቻ ለሆነ ሰው ቦክሰሩን እንዲለውጥ አልመክርም። ለውጡ የሚያስፈልገው ሰው ግን፣ ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ የወጣና በ2021 በሲአርኤፍ 300ኤል የተተካ በመሆኑ፣ የሚያገኘው ያገለገለ እንደሚሆን ይወቅ። ሲገዛ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ራሱ ያስነሣው፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀው ሌላ ቀን ይመለስ። የራዲያተሩን ክንፎች፣ የፊት አሞርዛተሮቹን ዘይት ማፍሰስ አለማፍሰስና ካቴናው የሚዞርባቸውን ጥርሶች ይመልከት፤ በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥርም ከራሱ ከሞተሩ ጋር ያስተያይ። እንዲህ ያሉ ሞተሮች አንዳንዶቹ በድርጅት ስም ከቀረጥ ነፃ የገቡ በመሆናቸው፣ ቀረጡ ሳይከፈል ወይም ሳይፈቀድ ስም ማዛወር አይቻልም፤ ስለዚህ ደላላው የፈለገውን ያህል ቢያቻኩል፣ የቀረጡ ጉዳይ በሰነድ ሳይረጋገጥ ቀብድ መክፈል አይገባም።