የኩላሊት ዪን ማነስ ወይስ ያንግ ማነስ?

የቻይና ባህላዊ ሐኪም «ኩላሊትህ ደክሟል» ቢልህ ቶሎ አትደንግጥ፤ ላቦራቶሪ ከሚለካው ኩላሊት ጋር ብዙም አይገናኝም። እነሱ ዘንድ ኩላሊት የሰውነት ስንቅ የሚቀመጥበት ነው፤ እድገትን፣ መውለድን፣ አጥንትን፣ ጆሮን ሳይቀር ያስተዳድራል ይላሉ። ጥያቄው የጎደለው የቱ ነው? የሚያቀዘቅዘውና የሚያረጥበው ዪን ወይስ የሚያሞቀው ያንግ?

የወገብ ሕመምና የጉልበት መክዳት በሁለቱም አለ፣ በእሱ አትለየውም። ዪን ያነሰው ሰው ሌሊት ያልበዋል፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ይግላል፣ አፉ ይደርቃል፣ ምላሱ ቀልቶ ሽፋኑ ይሳሳል፣ የደም ሥር ምቱም ቀጭንና ፈጣን ነው። ያንግ ያነሰው ደግሞ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ሌሊት ለሽንት ይመላለሳል፣ ምላሱ ይገረጣል።

የሚጥመው መድኃኒቱ ላይ ነው። ለያንግ የሚሰጠው በጥንቱ የቻይና ሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን የተቀመረው ክኒን ስምንት ነገር ይገባበታል። ኋላ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበረው የሕፃናት ሐኪም ቺየን ዪ ሁለቱን አሞቂዎች፣ ቀረፋንና አኮኒት የሚባለውን መርዛማ ተክል ሥር፣ አወጣና ስድስቱን አስቀረ (ሕፃን ልጅ ያንግ አያንሰውም ብሎ ነው)፤ ዛሬ ለዪን የሚታዘዘው ያው ነው።

በራስ ግምት ገዝቶ ለመዋጥ ሁለቱንም አልመክርም፣ የያንጉን ግን ጨርሶ፤ አኮኒት በአግባቡ ካልተዘጋጀ የልብ ምትን የሚያዛባ መርዝ ነው። ሌሊት ሽንት የሚያመላልሰው ሰውም ስለ ያንግ ከማሰቡ በፊት ስኳሩን ቢለካ ይሻለዋል።