ባለሁለት ጎማ ወይስ ያገለገለች የጃፓን ትራክተር? ሁለቱንም ገዝቼ ያየሁት

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ደውሎልኛል። አንዱ ሰበታ፣ አንዱ ደብረ ብርሃን መንገድ፣ ሁለቱ ሆለታ መሬት አላቸው፤ ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው። ከኋላ እየሄዱ የሚይዟትን ባለሁለት ጎማ ትራክተር እንግዛ ወይስ ከጃፓን ያገለገለች ትንሽ ባለአራት ጎማ? ሁለቱንም በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ስላየኋቸው አንዴ ጽፌ ልገላገል። መልሴን አስቀድሜ እናገራለሁ፦ መሬታችሁ ከሁለት ሄክታር ካልበለጠና እንደኔ መሀል አዲስ አበባ የምትኖሩ ከሆነ ባለሁለት ጎማዋን ግዙ።

ምክንያቴ ሶማሌ ተራ፣ የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ነው። እኔ የምኖረው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው፤ ሆለታ ያለውን የቤተሰብ መሬት የሚያርሰው ታናሽ ወንድሜ ነው። ማሽኑ የሚሰበረው እዚያ ነው፤ መለዋወጫው የሚገኘው ግን እዚህ ነው። ስለዚህ ትራክተር ስትመርጡ ዋናው ጥያቄ «ይሄ ዕቃ ሲሰበር ዛሬውኑ በእግሬ ሄጄ አገኘዋለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ይህን የተማርኩት በከባዱ ነው።

የጃፓኗን የገዛሁት ሚያዝያ 2015 ነው። ለራሷ 780 ሺህ፣ ለደላላ 15 ሺህ፣ ለጫነው መኪና 9 ሺህ ብር ከፈልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ የምትል ማሽን ነበረች። ሦስት ሲሊንደር ስለሆነች ድምጿ ለስላሳ ነው፣ በቁልፍ ትነሳለች፣ ከኋላዋ ያለው ሮታቫተር ጓሉን እንደ ዱቄት ያደርገዋል። ወንድሜ ተቀምጦ ስለሚያርስ አይደክምም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ለሰው ሁሉ አመሰግናት ነበር።

ሰኔ ላይ፣ ሥራ በተጣደፈበት ሰዓት፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው ፍሪሲዮን መንሸራተት ጀመረ። ዲስኩን አውርደን በፌስታል ይዤ ሶማሌ ተራ ገባሁ። የመጀመሪያው ሻጭ «ሞዴሏ ምንድን ነው?» አለኝ፤ የሞተሩን ሰሌዳ ፎቶ ባሳየው ጽሑፉ ሁሉ ጃፓንኛ ነው። የአንድ ፒክአፕ ዲስክ አውጥቶ የኔ ላይ ደረበው። ዙሪያቸው አንድ ነው። ከዚያ መሀሉ ላይ ያሉትን ጥርሶች በጥፍሩ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ የኔ 13፣ የሱ 14። «ወንድሜ፣ ይገባል ብዬ ብሸጥልህ ነገ ይዘኸው ትመጣለህ» ብሎ መለሰልኝ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ሌሎቹ እንደዚያ አላሉኝም። ሦስት ቀን እስከ ጎጃም በረንዳ ድረስ ዞርኩ፤ የለም። በመጨረሻ አሮጌውን ዲስክ ሸራ አስለብሼ በ4,500 ብር አስጠገንኩት፤ 11 ቀን አርሶ አለቀ። አዲሱን ከዱባይ በሚመላለስ ሰው አስመጣሁ፣ 38 ሺህ ብር። እጄ የገባው ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው፤ የዘር ጊዜው አልፏል። የዚያን ዓመት ስንዴ የዘራነው በበሬ ነው።

ችግሩ የጃፓን ሥራ መጥፎ ሆኖ አይደለም። እነዚህ ያገለገሉ ትናንሽ ትራክተሮች የተሠሩት ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ ነው። ያው ፋብሪካ ወደ ውጭ ከሚልካቸው ሞዴሎች ስለሚለዩ፣ ስሙ አንድ የሆነ መለዋወጫ እንኳ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

በ2017 ጥቅምት ሸጥኳትና ባለሁለት ጎማዋን ከነማረሻዋና ከነሮታቫተሯ በ345 ሺህ ገዛሁ። ተጎታቿን መርካቶ ብየዳ ቤት በ70 ሺህ አሠራሁ። የጃፓኗን የሸጥኳት 1 ሚሊዮን ከ100 ሺህ ነው። ይህን የሰማ ጓደኛዬ «አየህ፣ ዋጋዋ ይጨምራል እንጂ አይወርድም» አለኝ። እንዲህ አታስቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፤ የጨመረው ዶላሩ ነው። በዶላር ካሰባችሁት ኪሳራ ነበር።

ያወጣሁትን በደብተር ስለምይዝ ላነጻጽርላችሁ። የጃፓኗ በመጀመሪያው ዓመት ለፍሪሲዮን 42,500፣ ለባትሪ 11,000፣ ለሃይድሮሊክ 6,500፣ በጠቅላላ 60 ሺህ ብር በልታለች። ባለሁለት ጎማዋ በአንድ ዓመት፦ ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ) ሙሉውን 3,400፣ ሁለት ኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) 2,900፣ የናፍጣ ማጣሪያ 450፣ የኢንጀክተር ጫፍ 1,200። ከታች የምነግራችሁን የፎርጅድ ኩሽኔታ ኪሳራ ሳይጨምር ድምሩ 7,950 ነው። ባትሪ የላትም፤ በእጅ መዘውር ነው የምትነሳው። አንዴ ወንድሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኩሽኔታው ጮኸ ብሎ ደወለ። ቁጥሩን አንብቦልኝ ሶማሌ ተራ ገዛሁ፣ ለሆለታ ሚኒባስ ረዳት ሰጠሁት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እያረሰ ነበር። የጃፓኗ ይህን አንድ ቀን እንኳ አላደረገችልኝም።

አሁን ስለ ፎርጅዱ፤ ባለሁለት ጎማ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ላይ የሚለጠፈውን «12 ፈረስ ጉልበት» የሚል ወረቀት አትመኑ። ብረቱ ላይ በቅርጽ የወጣውን ቁጥር አንብቡ። ኤስ195 ከሆነ 95 ማለት የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ እውነተኛው 12 የሚሰጠው እሱ ነው። አር180 ከሆነ ስፋቱ 80 ብቻ ነው፣ ጉልበቱም ወደ 8 ገደማ። እኔ በዓይኔ አር180ን በደንብ ቀብተው 12 ብለው ሲሸጡ አይቻለሁ፤ የዋጋው ልዩነት 60 ሺህ ብር ነበር። ቀለሙ ቁጥሩን እስኪሸፍን ከወፈረ ጨርቅና ናፍጣ ጠይቁ፤ ሻጩ ከከለከላችሁ ውጡ።

ሆለታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ይህ ቁጥር የበለጠ ያስፈልጋል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 1 በመቶ ያጣል። 12 የተባለው ደጋ ላይ ከ9 ብዙም አይበልጥም፤ 8 የሆነውማ ማረሻ ሲነክስ ይቆማል።

ኩሽኔታ ስትገዙ ጽሑፉን በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ፈትጉት፤ ከለቀቀ አትግዙት። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት የ450 ብር ነበር፣ በሁለተኛው ሳምንት ኳሶቹ ተበታትነው ዘንጉን ፋቁት፤ ዘንጉን ላስተካከለው ቶርኖ ቤት ሌላ 3 ሺህ ከፈልኩ። ጥሩውን የገዛሁት በ1,450 ነበር። ቺንጋ ደግሞ አንዱ ቢበጠስም ሁሉንም አንዴ ቀይሩ። አሮጌዎቹ ስለተለጠጡ ጭነቱ ሁሉ አዲሱ ላይ ይወድቅና ቶሎ ይበጠሳል።

ድክመቷንም አልደብቅም። ደረቅ ዋልካ አትፈልጥም፤ ዝናቡ መሬቱን እስኪያረጥበው መጠበቅ ግድ ነው። ሰው ታደክማለች፤ ወንድሜ ማታ ክንዱን ሲያሽ አየዋለሁ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ አደገኛ ናት። ሜዳ ላይ እጀታዋ ላይ ያለውን የግራ መዞሪያ ስትጨብጡ የግራው ጎማ ከሞተሩ ስለሚለቀቅ ወደ ግራ ትዞራለች፤ ቁልቁል ስትወርድ ግን የተለቀቀው ጎማ ስለሚቀድም ወደ ቀኝ ትዞራለች። ወንድሜን ይህን የነገረው ሰው አልነበረም፤ ተጎታቹን እንደጫነ ቦይ ሊከታት ለጥቂት ነው የተረፈው። ቁልቁለት ላይ መዞሪያውን አትንኩ፣ በዝቅተኛ ማርሽ እጀታውን በጉልበት እያዞራችሁ ውረዱ። የሚይዛትን ሰው መጀመሪያ ይህን አስተምሩት።

እንክብካቤዋ ቀላል ነው። አዲስ ከሆነች የመጀመሪያውን ዘይት በ50 ሰዓት ቀይሩ፣ ከዚያ በየ100። ሰዓት ቆጣሪ ስለሌላት ደብተር ያዙ። አየር ማጣሪያዋ ውስጥ ያለውን ዘይት በአቧራ ጊዜ በየቀኑ እዩ፤ ጭቃ ከሆነ ሞተሩ አፈር እየበላ ነው። ውሃዋ እየፈላ በእንፋሎት ስለሚያልቅ ወንድሜ ጀሪካን ሳይዝ ማሳ አይገባም። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ ማታ ውሃውን አፍስሱት፤ ስታቆሟት ግን የናፍጣ ጋኑን ሙሉ፣ ባዶ ጋን ውስጥ ጤዛ ይይዛል።

መሬቱ ሦስት አራት ሄክታር የሆነ፣ ወይም ዕድሜው ከኋላዋ እየሄደ ለማረስ የማይፈቅድለት ሰው የጃፓኗን ቢገዛ አልፈርድበትም። ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የፍሪሲዮን ዲስኩን፣ የውሃ ፖምፓውንና ማጣሪያዎቹን ቁጥር ይዞ ሶማሌ ተራ አንድ ቀን ይዙር፤ ካላገኘ የማስመጫውን ዋጋ ከትራክተሯ ላይ ያስቀንስ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን በእጁ ይዞ የሻንሲ ቁጥሩን ከብረቱ ጋር ያመሳክር። ሞተሩን ሳይነሳ በእጁ ይንካው፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀው ብርዱ ላይ እንዴት እንደምትነሳ እንዳያይ ነውና በሌላ ቀን ሳይነግረው ጠዋት ይምጣ።