ወንበሩስ ይቻላል፣ ሚዛኑ ነው እንጂ

በርካሽ አየር መንገድ ረጅም በረራ ልሄድ ነው ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "አሥር ሰዓት ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ እንዴት ትችለዋለህ?" ወንበሩስ ይቻላል። ሰውን የሚያስለቅሰው ሚዛኑ ነው።

እነዚህ ድርጅቶች የሚሸጡት ትኬት ባዶ ትኬት ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ቀበቶ፣ አንዲት ትንሽ የእጅ ሻንጣ፤ በቃ። ምግብ በገንዘብ፣ ብርድ ልብስ በገንዘብ፣ መስኮት አጠገብ መቀመጥም በገንዘብ። ይሄ እኔን አያናድደኝም። ለማልበላው ምግብ አለመክፈሌ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ዋጋውን ሰማይ የሚሰቅለው ግን ሻንጣ ነው። ሃያ ኪሎ ደርሶ መልስ ጨምሩና ከመደበኛው አየር መንገድ ጋር አስተያዩት። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ይህን ያህል የሚወራለት አይሆንም። እንግዲህ ትኬቱ ርካሽ የሚሆነው በእጅ ሻንጣ ብቻ ለሚሄድ ሰው ነው። ለሌላው ርካሽ መሳይ ነው።

ከርካሾቹ አየር መንገዶች ኤርኤዥያ ኤክስ እና ዚፕኤር በነጻ የሚፈቅዱት የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። ስኩት 10 ኪሎ ይፈቅዳል። በሦስት ኪሎ ምን ይመጣል እንዳትሉ! ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣ ባዶውን ሁለት ተኩል፣ አንዳንዱም ሦስት ኪሎ ይመዝናል። ምንም ሳትከቱበት ከሰባቱ ሦስቱን ራሱ በላው ማለት ነው። እኔ ጎማውን ትቼ የጀርባ ቦርሳ ይዣለሁ። ባዶውን አንድ ኪሎ አይሞላም። ትከሻ ላይ ይከብዳል፣ አልዋሽም። ግን ሁለት ኪሎ ልብስ አተረፈልኝ።

ጌት ላይ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ሠራተኛዋ በእጅ የሚያዝ ሚዛን ይዛ ሰልፉን አንድ በአንድ ትፈትሻለች። በቅርቡ ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ቦርሳ ዘጠኝ ኪሎ አለፈ። ሰውዬው አልተከራከረም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ዚፑን ከፈተ። ሹራብ አውጥቶ ለበሰ፣ ካፖርት ደረበበት። ቻርጀሩን በቀኝ ኪሱ፣ ወፍራም መጽሐፉን በግራ ኪሱ ከተተ። ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ላብ በላብ ሆኖ ቦርሳውን መልሶ ሰጣት። ሰባት! "እሺ፣ እለፍ" አለችው። ያው ዕቃ፣ ከያው ሰውዬ ጋር፣ ወደዚያው አውሮፕላን ገባ። ክብደት ነዳጅ ይፈጃል ምናምን የሚሉትን ወሬ እኔ ከዚያ ወዲህ አልሰማም። ገበያ ነው።

የሰውዬውን ሥራ ቤት ሆኖ መሥራት ይሻላል። ከባዱን ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ። ጃኬቱን ልበሱት፣ ኪስ የበዛለት ቢሆን ደግሞ ወርቅ ነው። ሻምፑና ፈሳሽ ሳሙና አትያዙ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በመጣው ደንብ ምክንያት አሁንም በብዙ ኤርፖርቶች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሚይዝ የፈሳሽ ዕቃ አያልፍም። ደረቅ ሳሙና ግን ማንም አይጠይቃችሁም፤ ለገላም ለልብስም ይሆናል። ልብሱን ማታ የእጅ መታጠቢያው ላይ እጠቡት። ከዚያ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርጉትና አብራችሁ ጠቅልላችሁ በኃይል ጠምዝዙት። ፎጣው ውሃውን ይመጥጠዋል። ቀጭን ሸሚዝ በዚህ መንገድ ጠዋት ላይ ይለበሳል። ጂንስ ግን አትሞክሩት።

አንድ ነገር ግን አደራ። አንዳንዴ አውሮፕላኑ ሲሞላ የእጅ ሻንጣችሁን በር ላይ ተቀብለው ወደ ዕቃ መጫኛው ይልኩታል። ፓወር ባንክ ውስጡ ካለ አውጡት። የሊቲየም ባትሪ ቢቀጣጠል ሰው ሊደርስበት ስለሚገባ ደንቡ ከተሳፋሪው ጋር ይሁን ይላል። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው የባትሪው አቅም እስከ 100 ዋት-ሰዓት ሲሆን ነው። የተለመደው ባለ 20 ሺህ ሚሊአምፒር-ሰዓት ፓወር ባንክ 74 ዋት-ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ችግር የለበትም። እኔ ቦርሳዬ የፊት ኪስ ውስጥ የታጠፈች የጨርቅ ከረጢት አለችኝ። ቦርሳውን ስጥ ሲሉኝ ላፕቶፑን፣ መድኃኒቱን፣ ፓወር ባንኩንና መነጽሬን እሷ ውስጥ ከትቼ እቀራለሁ። ሰልፉ ከኋላ እየገፋችሁ ዕቃ መፈለግ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ወደ ወንበሩ እንመለስ። ከድርጅቱ ስም ይልቅ የአውሮፕላኑን ዓይነት እዩ። ኤርባስ ኤ330 ላይ አብዛኛው አየር መንገድ በአንድ ረድፍ ስምንት ወንበር ያደርጋል። አንዳንዶቹ ርካሾች እዚያው ስፋት ላይ ዘጠኝ ያስገባሉ። ያኔ የሚሰቃየው ጉልበት ሳይሆን ትከሻ ነው። ቦይንግ 787 ከሆነ ደስ ይለኛል። ውስጡ ያለው የአየር ግፊት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳላችሁ ያህል ነው፤ በብዙዎቹ የቆዩ አውሮፕላኖች ግን እስከ 2,400 ይደርሳል። ስወርድ ራሴን ብዙም አያመኝም። ስክሪን ብዙ ጊዜ የለም፣ ፊልም ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ሂዱ። የውሃ ኮዳ ባዶውን ፍተሻ ያልፋል፣ ውስጥ ትሞሉታላችሁ።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ። ሁሉ ሰላም ከሆነ እነዚህ በረራዎች ምንም አይሉም። አንድ ነገር ሲበላሽ ነው ጉዱ። ብዙዎቹ ያሏቸው አውሮፕላኖች ጥቂት ናቸው። አንዱ ከታመመ ተተኪ የለም። አንዱ ድርጅት ሌሊት አስቀርቶን እስኪነጋ ኤርፖርት ወለል ላይ ተኛን። ካውንተሩ ጋ የነበሩት ልጆች የድርጅቱ ሠራተኞች እንኳ አልነበሩም። "እኛ አናውቅም፣ አፑ ላይ ጻፉ" አሉን። አፑ ላይ ያለው ሮቦት የቦታ ማስያዣ ቁጥሬን እየደጋገመ ይጠይቀኛል፣ እኔ እሰጠዋለሁ፣ መልሶ ይጠይቀኛል። ምግብና ሆቴል የሚባል ነገር የለም። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የምትነሡ ከሆነ ግን ዝም አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ደንብ ቁጥር 261 በረራው በጣም ሲዘገይ ምግብ፣ ሌሊት ካደራችሁ ደግሞ ማረፊያ ስጡ ይላል። ትኬቱን በስንት ገዛችሁት ብሎ አይጠይቅም።

ድርጅቶቹ ራሳቸውም ዕድሜያቸው አይታመንም። ሌከር ኤርዌይስ እ.ኤ.አ. በ1977 ከለንደን ኒውዮርክ በርካሽ ማብረር ጀመረ፣ በ1982 ከሰረ። ዋው ኤር በ2019 ተዘጋ። ኖርዌጂያን በ2021 ረጅም በረራውን አቆመ። ስለዚህ እኔ ትልቅ ወላጅ ድርጅት ያለውን እመርጣለሁ። ስኩት የሲንጋፖር አየር መንገድ ንብረት ነው፣ ዚፕኤር ደግሞ የጃፓን አየር መንገድ። ዋጋቸው ትንሽ ቢበልጥም ከጀርባ የሚደግፍ አለ።

ሁለት ርካሽ ትኬት ለየብቻ ገዝቶ መገጣጠም ግን ለሌላ ሰው አልመክርም። የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቃችሁም፣ ገንዘቡም አይመለስም። በመሃል ኢሚግሬሽን አልፋችሁ እንደገና ቼክ ኢን ማድረግ ካለባችሁ ደግሞ የዚያ አገር ቪዛ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። ያለ ቪዛ ከሆነ ገና ከመነሻው ላያሳፍሯችሁ ይችላሉ።

ሻንጣ ለመሄጃና ለመመለሻ የሚሸጠው ለየብቻ ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ስሄድ በቦርሳዬ ብቻ እሄዳለሁ፣ ለመመለሻው ሃያ ኪሎ ትኬቱን ስገዛ አብሬ እገዛለሁ። ጌት ላይ ቢጠየቅ ዋጋው በጣም ይወደዳል። የምትታጠፍ ባዶ ሻንጣ ደግሞ ከቦርሳው ሥር ትገባለች፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ አትሞላም።