ለሆምብሪው የሚሆን ያገለገለ የእጅ ኮንሶል ጅማ ላይ ሲመረጥ፦ ፒኤስፒ፣ ዲኤስ ላይት፣ ስሪዲኤስ ወይስ ቪታ?

ሆምብሪው የሚለው ቃል ቢፈታ እቤት የተጠመቀ ጠላ እንደ ማለት ነው፤ በኮንሶል ሰፈር ግን አማተር ፕሮግራመሮች የአምራቹን ኩባንያ ፈቃድ ሳይጠብቁ በትርፍ ሰዓታቸው ጽፈው በነጻ የሚያድሏቸው ጌሞችና አፖች መጠሪያ ሆኗል። ይህ ንጽጽር የተዘጋጀው እነዚህን ሥራዎች ለመጫወትና ለመገልገል ሲል ያገለገለ የእጅ ኮንሶል ሊገዛ ላሰበ የጅማ ሰው ነው። የሽያጭ ጌሞችን ሳይከፍሉ ስለ መቅዳት የሚያወራ ነገር እዚህ አይገኝም።

አብዛኛው የኮንሶል ንጽጽር ከፕሮሰሰር ፍጥነት ይነሣል፤ እኔ ግን የምነሣው ካርዱ ከሚገባበት ቀዳዳ ነው። ሆምብሪው ወደ ኮንሶሉ የሚገባው በሚሞሪ ካርድ ሲሆን፣ በጅማው መርካቶ ባሉት የሞባይል ሱቆች በቀላሉ የሚገኘው ካርድ ደግሞ ማይክሮ ኤስዲ ብቻ ነው። ሶኒ ለፒኤስፒ ያወጣው ሚሞሪ ስቲክ ፕሮ ዱዎም ሆነ ለቪታ ብቻ የሠራው ካርድ ከስልክ ዕቃ ጋር ተደርድሮ አይሸጥም፤ ቢገኝም የቪታው ካርድ አዲስ በነበረበት ጊዜም ቢሆን በውድነቱ የሚታወቅ ነበር። ስለዚህ አራቱም ኮንሶሎች፣ የሶኒዎቹ ፒኤስፒና ቪታ፣ የኔንቲዶዎቹ ዲኤስ ላይትና ስሪዲኤስ፣ በምን ዓይነት ማገናኛ ማይክሮ ኤስዲ እንደሚቀበሉ ማወቅ ከሁሉም ይቀድማል። ማገናኛው ራሱ ትንሽ ዕቃ ቢሆንም ጅማ ውስጥ ተፈልጎ ሲታጣ ኮንሶሉን ሥራ ስለሚያስፈታው፣ ማገናኛው አብሮት ያልተሸጠ ኮንሶል በርካሽ ቢቀርብም ርካሽ ነው ማለት ይከብዳል። ዋጋ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ የብር መጠን አልጽፍም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ብዙውን ጊዜ ከዲኤስ ላይት ይጀምርና በፒኤስፒና በስሪዲኤስ በኩል አልፎ ቪታ ላይ ያበቃል።

ከአራቱ የሆምብሪው ታሪኩ እጅግ የበለጸገው ፒኤስፒ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ ጥቂት ወራት ሳይቆይ፣ በ2005 አማተሮች የራሳቸውን ፕሮግራም በላዩ ማስኬድ ችለው ነበር። ስክሪኑ 4.3 ኢንች ስፋትና 480 በ272 ፒክስል ጥራት ሲኖረው፣ ፕሮሰሰሩ እስከ 333 ሜጋኸርዝ ይሮጣል። 1000 የሚባለው የመጀመሪያው ሞዴል 32 ሜጋባይት ራም ብቻ ስላለው አንዳንድ ከባድ አፖች አይነሡበትም፤ ከሞዴል 2000 ጀምሮ ያሉት ግን 64 ሜጋባይት ይዘዋል። በዚህ ምክንያትና የስክሪኑ ቀለም ከቀደሙት ስለሚሻል እኔ የምመክረው 3000ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጎ የሚባለው ተንሸራታች ዓይነት 16 ጊጋባይት የውስጥ ማስቀመጫ ቢኖረውም ተጨማሪ የሚቀበለው ኤም2 የተባለውን ብርቅ ካርድ ስለሆነ፣ ስትሪት የሚባለው ኢ1000 ደግሞ ዋይፋይም ስቴሪዮ ስፒከርም ስለሌለው፣ ሁለቱም በጣም ካልረከሱ አይመረጡም።

ለፒኤስፒ ማይክሮ ኤስዲን ወደ ፕሮ ዱዎ የሚለውጥ ጠፍጣፋ አዳፕተር አለ። አንድ ካርድ የሚይዘውን መምረጥ ይበጃል፤ ሁለት ካርድ የሚጎርሰው ዓይነት ፋይሉን ከፋፍሎ በሁለቱም ላይ ስለሚጽፍ አንዱ ካርድ ሲበላሽ የሁለቱም ይዘት አብሮ ይጠፋል። ሶፍትዌሩን ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። የሶኒ የመጨረሻው ሲስተም 6.61 ሲሆን፣ በላዩ የአማተሮቹ ሲስተም፣ ለምሳሌ አርክ-4፣ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሆምብሪው የራሱ ፎልደር ተሰጥቶት በካርዱ ላይ ጌም በተባለው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፣ በቃ።

በላዩ ከሞከርኳቸው ጌሞች ሁሉ አስቀድሜ የምጠቅሰው ኬቭ ስቶሪ ነው። ዳይሱኬ አማያ የተባለ ጃፓናዊ ለብቻው ለዓመታት ደክሞበት እ.ኤ.አ. በ2004 ለኮምፒውተር በነጻ የለቀቀው ሲሆን፣ ወደ ፒኤስፒ ያሻገሩት ሌሎች አማተሮች ናቸው። በትንሽ ስክሪን ላይ ጽሑፉ ይነበባል፣ ዝላዩ በአቅጣጫ ቁልፉ ልክ ነው፣ መብራት ጠፍቶ ቤት ሲጨልምም ስሊፕ አድርጎ ኪስ ውስጥ መክተት ይቻላል። ዌጂክ የተሰኘው የካርድ ጌም ደግሞ ከማሽኑ ጋር የሚያጫውት ጥልቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ሕግጋቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ በደቃቃ ፊደል ስለተጻፉ ትዕግሥት የሌለው ሰው አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ይተወዋል። በስክሪኑ ላይ ያለውን ነገር እየጠቆሙና እየተጫኑ የሚጫወቷቸውን የድሮ ጌሞች የሚያስኬደው ስከምቪኤም በፒኤስፒም በዲኤስም ይሠራል፤ ይሁንና በዲኤስ ጠባብ ስክሪን ላይ ምስሉን እያንሸራተቱ መፈለግ ስለሚያስፈልግ የፒኤስፒው ይሻላል።

ዲኤስ ላይት በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያሳዝን ማሽን ነው። ራሙ 4 ሜጋባይት ነው፣ ዋናው ፕሮሰሰሩ 67 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው፣ ሁለቱም ስክሪኖች 256 በ192 ፒክስል ናቸው። ያም ሆኖ ከሦስቱ ባላንጦቹ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ የንክኪ ስክሪኑ ብዕሩ ሲጫን የግፊቱን መጠን ይለያል። የንስ አንደርሰን የተባለ የስዊድን ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ከለርስ የሚባለው የሥዕል አፕ ይህንኑ ስሜት ተጠቅሞ፣ ጠበቅ ሲደረግ ወፍራም፣ ላላ ሲደረግ ቀጭን መስመር ይሰጣል። ይህ አፕ እ.ኤ.አ. በ2012 የንግድ ዓይነት ወጥቶለት ወደ ስሪዲኤስ ሲሸጋገር ስክሪኑ ግፊት ስለማይለይ ያ ጠባይ ቀርቷል። ለሚሥል ልጅ የሚገዛ ወላጅ ካለ ሌላ ፍለጋ አያስፈልገውም እላለሁ። ናይትሮትራከር የተባለውም የሙዚቃ መሥሪያ አፕ በዲኤሱ ማይክሮፎን ድምፅ ቀድቶ እንደ መሣሪያ ያስጫውታል፤ አንዲት የክራር ክር ቀድቼ በዚያች ድምፅ ትዝታን ለማውጣት አንድ ምሽት ሙሉ ፈጅቶብኛል፤ ውጤቱ ለሰው የሚያሰማ አልነበረም።

ዲኤስ ላይት ራሱ የኤስዲ ቀዳዳ ስለሌለው አር4 የተባለውን ማይክሮ ኤስዲ የሚጎርስ የጌም ካርድ ይፈልጋል፤ ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው አር4 ከ2 ጊጋባይት በላይ ያለ ካርድ አይቀበልም። ኋላ ከመጡት ቅጂዎች መካከልም የሶፍትዌራቸው ቀን ሲያልፍ በድንገት መነሣት የሚያቆሙ አሉ፤ በካርዱ ላይ ያለውን ሶፍትዌር በሌላ በመተካት የሚድኑ ቢኖሩም፣ የማያውቅ ገዢ ካርዱ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። በተረፈ አንዳንድ ሆምብሪው ካርዱን ማንበብ እንዲችል ዲኤልዲአይ የተባለ ትንሽ ማስማሚያ ይፈልጋል፤ አብዛኞቹ አዳዲስ አር4ዎች ይህን በራሳቸው ያደርጉታል።

ስሪዲኤስን በአጭሩ እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የመጀመሪያው ዓይነት መደበኛ ኤስዲ ስለሚቀበል ከማይክሮ ኤስዲ ጋር አብሮ የሚመጣው ተራ ፕላስቲክ ማገናኛ ይበቃዋል፤ ኒው የሚባለው ዓይነት ደግሞ ራሱን ማይክሮ ኤስዲውን ይወስዳል፤ ቦታው ግን የጀርባ ክዳኑ ሥር ስለሆነ ብሎን ይፈታል። የኔንቲዶ የኦንላይን ሱቅ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ለሽያጭ ስለተዘጋ፣ ይህን ማሽን ዛሬ የሚገዛ ሰው ሆምብሪው ዋናው ምግቡ እንደሚሆን አስቀድሞ ይወቅ። ሉማ የተባለው የአማተሮች ሲስተም ከተጫነበት በኋላ ዩኒቨርሳል አፕዴተር በሚባለው አፕ በኩል ጌምና መሣሪያ ከኮንሶሉ ላይ እያሉ በቀጥታ ይወርዳሉ። ይህ ምቾት ትልቅ ነው፤ የራሱ ብቻ የሆነ፣ ያለ እርሱ የማይገኝ የአማተር ሥራ ግን በፒኤስፒ ልክ አላገኘሁበትም።

ቪታ ከሁሉም ኃይለኛው ነው። ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር፣ 512 ሜጋባይት ራምና 960 በ544 ፒክስል የሆነ የ5 ኢንች ስክሪን አለው። ሞሌኩል የተባለ ቡድን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ሄንካኩ የተባለውን የቪታ መክፈቻ ከለቀቀ ወዲህ አማተሮች እጃቸውን አስፍተውበታል፤ ፋይል ማስተዳደሪያው ቪታሼል እስካሁን በእጅ ኮንሶል ላይ ካየኋቸው ሁሉ የተጣራ ነው፤ አድሬናሊን የተባለው አፕ ደግሞ ቪታውን ሙሉ ፒኤስፒ ስለሚያደርገው ከላይ ያነሣኋቸው የፒኤስፒ ሆምብሪዎች ሁሉ ማለት ይቻላል አብረው ይመጣሉ። ከ1000 እና ከ2000 የቱ ይሻላል የሚለው ክርክር ብዙ ነው። 1000 ውብ የኦሌድ ስክሪን አለው፤ ነገር ግን የራሱ ልዩ የቻርጅ ገመድ ይፈልጋል፣ የውስጥ ማስቀመጫም የለውም። 2000 በተራ ማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ ይሞላል፣ 1 ጊጋባይት በውስጡ ስላለም ያለ ሶኒ ካርድ ሥራ ይጀምራል። ገመዱ ቢበጠስ ፈረንጅ አራዳም ሆነ መርካቶ የሚተካው ይኸው 2000 ስለሆነ፣ የስክሪኑን ውበት ለሌላ ትቼ እርሱን እመርጣለሁ። ኤስዲቱቪታ የተባለው ማገናኛ ከጌም ካርዱ ቀዳዳ ይገባል፤ ስለዚህ በካርድ የተገዛ ጌም ያለው ሰው እያወጣ እየከተተ መጠቀም ይኖርበታል። ሲስተሙ 3.60 ወይም 3.65 የሆነ ከተገኘ የአማተሩ ሲስተም በቋሚነት ይጫናል፤ ስለዚህ ሻጩ ውለታ ሊሠራ አስቦ አፕዴት እንዳያደርገው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ኢንተርኔት ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ዲኤስ ላይት ያረጀውን የዌፕ ምስጢር ቁልፍ ብቻ ያውቃል፤ ፒኤስፒ ደብሊውፒኤ2 የተባለውን አዲሱን የዋይፋይ ቁልፍ በራሱ አያውቅም፤ በመሆኑም ዛሬ በየቤቱ ባለው ራውተርም ሆነ በስልክ ሆትስፖት ላይ ሁለቱን ማገናኘት የሚሳካው የመረጃ ደኅንነትን ዝቅ በማድረግ ነው፤ ይህን ደግሞ አልመክርም። ፋይሉን በስልክ አውርዶ በካርድ ሪደር ወደ ካርዱ መገልበጥ ይቀላል። ስሪዲኤስና ቪታ ግን ያለ ችግር ይገናኛሉ።

አማርኛ ማንበብ ለሚፈልግ ገዢ አንድ ነገር ልጨምር። በፒኤስፒ ላይ ቡከር የሚባል የፒዲኤፍ ማንበቢያ አለ። የፒኤስፒ ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው በቴክስት የተቀመጠ የአማርኛ ጽሑፍ በቅጡ አይታይም፤ ፎንቱ በውስጡ የተካተተበት ፒዲኤፍ ግን ፊደሉ ሳይዛባ ይወጣል። ፋይሉን በላቲን ፊደል መሰየም፣ ከስካነር የወጣ ከባድ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ከፋፍሎ ማስገባት ያሻል፤ ትልልቅ ገጽ ሲገጥመው ማህደረ ትውስታው ሞልቶ ይቆማል። ስክሪኑን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ እጅ ማንበብ ሲለመድ ደስ ይላል።

ፕሮግራም መጻፍ ለሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምክሬ ይለያል። ለዲኤስና ለስሪዲኤስ ዴቭኪትፕሮ የተባለ ቡድን የሚያዘጋጀው የሲ ቋንቋ መሣሪያ በደንብ የተያዘ ሲሆን፣ ለቪታም ቪታኤስዲኬ የተባለ ተመሳሳይ መሣሪያ አለ። ከሁሉም ግን 4 ሜጋባይት ራም ላይ ፕሮግራም ለማስኬድ መታገል ባይት ማለት ምን እንደሆነ ስለሚያስተምር፣ ለጀማሪ ዲኤስ ላይት ከቪታ የተሻለ መምህር ነው። ሲ የከበደው በሉዋ ቋንቋ በፒኤስፒ ላይ ቢጀምር ይቀለዋል።

የባትሪው ነገር መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ቀላል ጉዳይ አይሆንም። ኔንቲዶ ለዲኤስ ላይት የሰጠው ቁጥር ብርሃኑ ዝቅ ሲል ከ15 እስከ 19 ሰዓት ነው፤ ፒኤስፒና ቪታ ከዚህ ሲሶውን እንኳ ላይደርሱ ይችላሉ። በሌላ በኩል የፒኤስፒ ባትሪ ያለ ብሎን መፍቻ ይወጣል፣ የዲኤስ ላይት በአንዲት ብሎን፤ የቪታው ግን አካሉ ሳይከፈት አይለወጥም። ባለፈው ክረምት የገዛሁት ፒኤስፒ የባትሪ ክዳኑ በፕላስተር ተጣብቆ ነበር። ሻጩ "ክዳኑ ስለሚላላ ነው፣ ጋሼ" ቢለኝም፣ እቤት ደርሼ ፕላስተሩን ስልጥ ባትሪው አብጦ ክዳኑን ሽቅብ ገፍቶት አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ክዳን ሳላስከፍት ብር አልቆጥርም። የዲኤስ ላይት የቀኝ ማጠፊያ መሰንጠቅ ያበዛል፣ የፒኤስፒ አናሎግ፣ ማለትም በአውራ ጣት የሚገፋው መንቀሳቀሻ፣ በራሱ ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ ሁለቱም ሱቁ ደጃፍ ቆሞ በአንድ ደቂቃ የሚታዩ ናቸው። የጅማ ዝናብና እርጥበት የካርድ ቀዳዳዎችን ስለሚያዝግ ካርዱን ሁለት ሦስት ጊዜ አውጥቶ አስገብቶ መሞከርም ይገባል።

የቻርጀሩን ጽሑፍ ሳያነቡ መሰካት ግን ኮንሶሉን ሊያሳጣ ይችላል። ከአሜሪካ የመጣ የኔንቲዶ ቻርጀር 120 ቮልት፣ ከጃፓን የመጣው 100 ቮልት ብቻ እንዲቀበል የተሠራ በመሆኑ በእኛ 220 ቮልት ሶኬት ላይ ይቃጠላል። የሶኒዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ። ለዲኤስ ላይትና ለስሪዲኤስ የሚሆነው በስልክ ቻርጀር ላይ የሚሰካ የዩኤስቢ ገመድ ስለሆነ፣ ሻጩ ዋናውን ቻርጀር እንደ ጉርሻ ቢጨምርም ገመዱ ካልተገኘ ዋጋው ላይ አይስማሙ።