ነዳጅ ቀድታችሁ ቼክ ኢንጂን ከበራ የነዳጅ ፖምፓ ከመግዛታችሁ በፊት የነዳጅ ታንኩን ክዳን እዩት

ይህ ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ ባለመኪናዎች ነው። ነዳጅ ከቀዳችሁ በኋላ ቢጫዋ የሞተር መብራት ብትበራ፣ የመጀመሪያው ጋራዥ ያላችሁን ብቻ ሰምታችሁ ገንዘብ እንዳታወጡ።

እህቴ ኮሮላ አላት፣ የአሜሪካ ስሪት። ሐሙስ ደሴ ላይ ተሰልፋ ቤንዚን ቀዳች። ቅዳሜ ጠዋት ሐረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ ልትገባ ስትል ቼክ ኢንጂን በራባት። መኪናው አይንቀጠቀጥም። ጉልበቱም አልቀነሰም። መብራቷ ብቻ ናት። ደወለችልኝና አንድ ጋራዥ በር ላይ ተገናኘን።

መካኒኩ የብልሽቱን ቁጥር (ኮዱን) የሚያሳየውን ማንበቢያ ከመሪው ሥር ሰካ። ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ አየና ከንፈሩን መጠጠ። «እህት ዓለም፣ ፖምፓው ደክሟል። ሴንሰርም አለው። የደሴ ብርድ እኮ ነው፣ ሴንሰሩን ብርድ መትቶታል።» ሰውን ብርድ ሲመታ አይቻለሁ፤ ሴንሰር ሲመታ ግን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ዋጋው ከነእጁ 38 ሺህ ብር! ኮዱን አሳየኝ ስለው «ኮዱ ላንተ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ።

እንዲህ የሚል ጋራዥ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉና ውጡ። ኮዱ ምስጢር አይደለም። መኪናው የሚናገረው ለባለቤቱ ነው።

ተከራክረን ተከራክረን ስክሪኑን አዞረልን። ፒ 0457 ይላል። ይህ ኮድ የቤንዚን ትነት እየሾለከ ነው፣ የሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) ክዳን ተመልከቱ ማለት ነው። ስለ ፖምፓ አንድም ነገር አይልም። ሄደን ክዳኑን ከፈትነው። ክዳኑን ከመኪናው ጋር የምታያይዘው የፕላስቲክ ማሰሪያ በክዳኑና በአፉ መሃል ተቆንጥጣ ገብታለች። ቀጂው በዚያ ሰልፍ ተጣድፎ ዘግቶት ነው። ማሰሪያዋን አወጣንና ቀጭ ቀጭ እስኪል አጠበቅነው። ሌላ ሥራ አልነበረውም። «የኮምፒውተር» ተብሎ ግን ከፍለናል።

ሐሙስ ተቀድቶ ቅዳሜ መብራቱ ለምን በራ? መኪናው የሰልባትዮውን ትነት መያዝ አለመያዙን የሚፈትሸው ሁልጊዜ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ አድሮ ሲነሳ፣ ነዳጁም በጣም ሳይሞላ ወይም በጣም ሳይጎድል ሲቀር ነው። ብዙ መኪናዎች ደግሞ ችግሩን ደግመው ካላዩ መብራቱን አያበሩም። ስለዚህ ሰው ማደያውን ረስቶ ሞተሩን ይጠረጥራል። ሲጠፋም እንደዚያው ነው። ክዳኑ ከጠበቀ በኋላ መብራቷ የምትጠፋው መኪናው ጥቂት ጊዜ ተነድቶ ራሱን ሲያረጋግጥ ነው። አጭበርባሪው የሚጠቀመው ይህንን ክፍተት ነው። ክዳኑን ያጠብቃል፣ ኮዱን ይሰርዛል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ እናንተ የፖምፓ ዋጋ ትከፍላላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ የክዳን ነገር በዋናነት የአሜሪካ ስሪት መኪናዎችን ይመለከታል። የዱባይም ሆነ የአውሮፓ ስታንዳርድ ብዙዎቹ ይህን ፍተሻ ስለማያደርጉ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ክዳን ማየት ነጻ ነው።

ከፖምፓው የባሰው ደግሞ የካታሊስቱ፣ ማለትም ጭስ መውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ፣ ጉዳይ ነው። እኛ አልገዛም ስንል መካኒኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲያው ማርሚታው ላይ ያለው ካታሊስት ተደፍኖ ይሆናል፣ በነጻ ቆርጬ ላውጣላችሁ» አለን። በነጻ! ካታሊስት ውስጥ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ፤ አሮጌውም ገዢ አለው። ቆርጦ የሚያወጣላችሁ ሰው ለእናንተ ብሎ አይደለም። የካታሊስት ኮድ ፒ 0420 ነው፤ እሱም ቢሆን ብቻውን አያስቆርጥም። ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ የኋለኛው የኦክስጅን ሴንሰር ልዩነቱን ስለሚያውቅ መብራቱ ተመልሶ ይበራል። ያኔ ካታሊስቱም የለ፣ መብራቱም አልጠፋ።

መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ወሬው ሌላ ነው። ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ሞተሩ ቤንዚኑን በደንብ እያቃጠለ አይደለም፤ ያልተቃጠለው ካታሊስቱን ያግለዋል። ኮምቦልቻ ቀድታችሁ የሐረጎ ዳገት ላይ መኪናው መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ኮዱም ፒ 0300 ወይም 0301 ዓይነት ከሆነ፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላና ኮይል ይታዩ፤ ነዳጁንም ጠርጥሩት። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ከሆነማ በደንብ ጠርጥሩ። ትንሽ ውስጡ በሚታይ ጠርሙስ አስቀድታችሁ አስቀምጡት፤ ውሃ ካለው ከታች ይቀመጣል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ግን በዓይን አይለይም። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉት፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ካለው የቅባት ምልክት ይተዋል። ማደያ ከሆነ የቀዳችሁት፣ በቴሌብር የከፈላችሁበት መልእክት ቀንና ሰዓት ስላለው አታጥፉት።

መቅጃው ራሱ ሲያቆም «ትንሽ ጨምርበት» ማለትም ይቅር። ትርፉ ቤንዚን ትነት ወደሚይዘው የከሰል ሳጥን ሊገባ ይችላል፤ ከዚያ መኪናው ቀድታችሁ ስትወጡ አልነሳ ሊል ይችላል። ሰልፍ ላይ ስንት ሰዓት ለቆመ ሰው ይህን መንገር ከባድ እንደሆነ ይገባኛል።

ጋራዥ ስትገቡ መጀመሪያ የኮዱን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ኮዱ ሳይነበብ ባትሪ አታስነቅሉ፤ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ዕቃ ከተቀየረም አሮጌውን ተረከቡ። ክዳኑ ጠብቆም መብራቱ ከተመለሰ የክዳኑን ላስቲክ እዩ። ከተሰነጠቀ አሮጌውን ክዳን ይዛችሁ መለዋወጫ ቤት ሂዱ፤ በስም ብቻ ከጠየቃችሁ የማይገጥም ይሰጧችኋል።