«ዶክተር ሁ» ምዕራፍ 8፦ ወታደር የሚጠላው ጄኔራል

በዚህ የእንግሊዝ የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ምዕራፍ ሁለተኛ ክፍል ማብቂያ ላይ ጆርኒ ብሉ የምትባል ወታደር ዶክተሩን፣ በጊዜና በጠፈር የሚጓዘውን ባለታሪክ፣ አብሬህ ልሂድ ትለዋለች። በዚያው ዕለት ወንድሟ ሞቶባታል፤ እንደዚያም ሆና ዳሌክ የተባለ በብረት የታሸገ ገዳይ ፍጡር ሆድ ውስጥ ድረስ ተከትላዋለች። ደግና ደፋር መሆኗን ዶክተሩ ራሱ አይክድም። ግን ምነው ወታደር ባልሆንሽ ብሏት በጊዜ የሚጓዝበት ሰማያዊ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። ሰውዬው የሚጠላው ጠመንጃውን ነው ወይስ ጠመንጃ ያዡን? ቢቢሲ በፈረንጆቹ 2014 ከኦገስት 23 እስከ ኖቬምበር 8 ያሳየው ይህ ባለ 12 ክፍል ምዕራፍ የሚሽከረከረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። የመጨረሻው ክፍል ሳይነሳ ስለ ምዕራፉ መጻፍ ስለማይቻል፣ ገና ያላያችሁት ከወዲሁ እወቁት።

ተከታታዩ ከ1963 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዶክተሩ ሊሞት ሲል መልኩን ቀይሮ ይቀጥላል፣ ተዋናዩም ይለወጣል፤ ፒተር ካፓልዲ የሚጫወተው 12ኛውን ዶክተር ነው። ቂሙን ለመረዳት ግን ሁሉንም ማየት አያስፈልግም። ሰውዬው ራሱ ዘማች ነበር፤ በ2013 የ50ኛ ዓመት ልዩ ክፍል ላይ ጆን ኸርት የተጫወተው ያንን ደብቆት የኖረውን የጦርነት ዘመን ማንነቱን ነው። ከ1970 እስከ 1974 ደግሞ፣ ጆን ፐርትዊ ዶክተሩን በተጫወተበት ዘመን፣ ዩኒት ለተባለ ጦር የሳይንስ አማካሪ ሆኖ ሲሠራ የጦሩ አዛዥ ብርጋዴር ሌዝብሪጅ ስቱዋርት ወዳጁ ነበር። ያኔም መጋጨት አልቀረም፤ ዶክተሩ ከምድር በታች ከሚኖሩት ሲሉሪያኖች ጋር ሊያስማማ ሲለፋ ብርጋዴሩ ዋሻቸውን አፈንድቶበታል። በ2008 ዶክተሩን የተጫወተው ዴቪድ ቴናንትም የዩኒት ወታደሮች ሰላምታ ሲሰጡት ፊቱን ያጨማድዳል። ልዩነቱ፣ በፊት ጠቡ ከትእዛዙ ጋር ነበር፤ በ2014 ከሰውየው ጋር ሆነ።

ሰውየው ዳኒ ፒንክ ነው፤ የሚጫወተው ሳሙኤል አንደርሰን። አፍጋኒስታን ዘምቶ ተመልሷል፣ ኮል ሂል ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፣ የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ የሆነችው የክላራ (ጄና ኮልማን) ፍቅረኛ ነው። ፊት ለፊት የሚገናኙት ክፍል 6፣ «ዘ ኬርቴከር» ላይ ነው። ዶክተሩ ስኮቮክስ ብሊትዘር የተባለ ገዳይ ማሽን ለማጥመድ የትምህርት ቤቱ ጥገና ሠራተኛ መስሎ ገብቷል። ዳኒ ወታደር እንደነበር ሲያውቅ ሒሳብ ያስተምራል ቢሉት አይሰማም፤ በቃ ስፖርት አስተማሪ ነው። መጀመሪያ ያስቃል። ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል፤ ከዚያ በኋላ ተዋናዩ ጥቁር እንግሊዛዊ መሆኑ ትዝ ይላችሁና ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ጸሐፊዎቹ ያሰቡት የወታደር ንቀትን ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ከዚያ ይሰፋል። ዶክተሩ ቢራቢሮ ክራቫት ያሰረውን፣ የራሱን የድሮ መልክ የሚመስለውን የእንግሊዝኛ መምህር የክላራ ወዳጅ መስሎት ደስ ሲሰኝ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

የምዕራፉ ምርጥ ትዕይንት ያለው ግን እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው። ዳኒ ዶክተሩ የጊዜ ጌቶች (ታይም ሎርድ) ከሚባሉት ወገን መሆኑን ሲሰማ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል፣ «ሰር» እያለ ያበሽቀዋል። አነጋገሩን ቢያሳምርም ባላባትነቱ ከአኳኋኑ ያስታውቃል ባይ ነው። ለክላራም ከእሳት ተሸክሜ የማወጣሽ እኔ ነኝ፣ እሳቱን የሚለኩሰው እሱ ነው፣ መኮንን ነው ይላታል። ይህ ቦታ በአማርኛ ሲታሰብ ከእንግሊዝኛውም ይሰላል፤ «ሰር»ም «ሎርድ»ም እኛ ዘንድ ያው ጌታ ናቸው። የጊዜ ጌታን «አቤት ጌታዬ» ብሎ መሳደብ ይቻላል ማለት ነው። ዶክተሩ ይጦፋል፣ ከሣጥኑ ውጣልኝ ይለዋል። ተራ ወታደሩ ያየበት የሸሸገውን ማዕረግ ነዋ።

ክፍል 4፣ «ሊስን»፣ ነገሩን በዝግታ ይይዘዋል። ራት ላይ ክላራ ስለ መግደል ስትቀልድ ዳኒ ወታደር ሳለሁ 23 የውሃ ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ ይላል፣ ራቱም ይበላሻል። ጠመንጃ የሌለው ትንሽ የወታደር አሻንጉሊት ከዳኒ ልጅነት ተነስቶ፣ በክላራ እጅ፣ በጨለማ የሚያለቅሰው ሕፃኑ ዶክተር አልጋ አጠገብ ይደርሳል። ዋና ጸሐፊው ስቲቨን ሞፋት ወታደር የሚጠላውን ሰው በልጅነቱ ያጽናናው በወታደር አሻንጉሊት ነው፣ ደግሞም አንድ ቃል ሳይሰብክ። ክፍል 8ም እንዲሁ ጥሩ ነው፤ ሟቹ ብቻ የሚያየው ጭራቅ ከታየበት ቅጽበት አንስቶ በ66 ሰከንድ ይገድላል፣ ሰከንዱም ስክሪኑ ላይ ይቆጠራል። ጭራቁ ጦርነቱ ካለቀ ዘመናት ያለፉት፣ ሰውነቱ ውስጥ ያለው መሣሪያ አልሞት ያለው ወታደር ሆኖ ይገኛል። ዶክተሩ እጅ ሰጥተናል ሲለው ሰላምታ ሰጥቶ አመድ ይሆናል።

ወደ መጨረሻው፣ ክፍል 12። ዳኒ በመኪና ተገጭቶ ሞቷል፣ አስከሬኑ ሳይበርማን የተባለውን ስሜት አልባ የብረት ወታደር ሆኖ ብረት ለብሷል፣ ስሜቱ ግን አልጠፋም። መቃብር ቦታው ላይ ክላራን ስሜቴን አጥፊልኝ ብሎ ይለምናታል። ዶክተሩ ሕመሙ ስጦታ ነው፣ አታጥፊው እያለ ይከለክላል። ወዲያው ሳይበርማኖቹ ከላይ ያሰባሰቡት ደመና ምን ሊያደርግ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል፤ ዳኒ ደግሞ ዕቅዱን ማየት የሚችለው ስሜቱ ጠፍቶ ከሌሎቹ ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው። የዶክተሩ ፊት ሲለወጥ ተመልከቱ። ያ ሁሉ የርኅራኄ ንግግር በመረጃ ይሸጣል፣ ዳኒም ይህን ጄኔራል እዪልኝ ይላታል። ማጥፊያውን የምትነካው ክላራ ናት፤ የመኮንኑ እጅ ንጹሕ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ነው ድርሰቱ የሚያፈገፍገው። ዶክተሩ የድሮ ጠላቱ ሚሲ የሰጠችውን የሳይበርማን ሠራዊት እምቢ ብሎ ማዘዣ አምባሩን ለዳኒ ይወረውራል፣ ዳኒም ሠራዊቱን ይዞ ደመናውን ያቃጥላል። ጥሩ። ግን ሁለቱ ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት ትዕይንት አልተጻፈም። ወታደራዊ ሰላምታውም የሚደርሰው ሳይበርማን ሆኖ ለተነሳው ለብርጋዴሩ ነው። ብርጋዴሩን የተጫወተው ኒኮላስ ኮርትኒ በ2011 ያረፈ በመሆኑ ብዙ የቆዩ ተመልካቾችን ቅር ያሰኘውም ይኸው ነው። ሰላምታ ከተሰጠ አይቀር በሕይወቱ ለተናቀው ለዳኒ ነበር የሚገባው።

ጊዜ ለሌለው ሰው ክፍል 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 11 እና 12 በዚህ ቅደም ተከተል ይበቃሉ፤ በድምሩ አምስት ሰዓት ያህል ነው። 11ን ከ12 አትነጥሉ፣ አንድ ታሪክ ናቸው፤ ዳኒ በጦርነት ሳያውቅ የገደለው ልጅም የሚታየው እዚያ ነው። ክፍል 3 እና 5ን ብትዘሏቸው ከዚህ ክር የሚቀርባችሁ የለም። ክፍል 10 ሴራው ደካማ ቢሆንም ዳኒ ከተማሪዎቹ ጋር ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያሳያል። ካፓልዲ ስኮትላንዳዊ ነው፣ ሲቆጣ ደግሞ ይፈጥናል፤ የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ክፈቱት። ካለቀ በኋላ ወደ ምዕራፍ 9 ክፍል 8 እለፉ፤ እዚያ ዶክተሩ ጦርነት ልታስነሳ ጣቷን ማዘዣው ላይ ላሳረፈች ሴት ስለ ራሱ ጦርነት አፍ አውጥቶ ይናገራል።